የኢንዱስትሪ ምሕንድስና ትምህርትና የደባርቅ የበቅሎ ተራ



በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች፣ ልጆቻችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሚፈጽሙበት ዓመት አንድ ዓይነት ጭንቀት ይይዘናል። ልጁ ምን ይማር? ከየትኛው ትምህርት በኋላ እንጀራ ያገኛል? የሚለው ጥያቄ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት፣ ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲዞር ይሰነብታል። በዚህ ጭውውት መካከል ስማቸው ከሚነሣው ትምህርቶች አንዱ የኢንዱስትሪ ምሕንድስና ነው፤ ይልቁንም ወደ ሥራ አመራር ያዘነበለው ክፍሉ። ስሙ በተነሣ ጊዜ ታዲያ ሁለት ዓይነት መልስ ሲሰጥ እሰማለሁ። አንደኛው ወገን «ፋብሪካው ገና ጥቂት በሆነበት አገር የፋብሪካ መሐንዲስ ምን ይሠራል?» ይላል። ሁለተኛው ወገን ግን በትምህርቱ ስም ደስ ይለዋል፤ «መሐንዲስም ሥራ አስኪያጅም መባል ነው፤ እጁን ዘይት ሳይነካው ወንበር ላይ ይቀመጣል» ይላል። እኔ ለመናገር የተነሣሁት ሁለቱም ወገኖች ትምህርቱን በስሙ እንጂ በሥራው እንዳላወቁት ለማስረዳት ነው። ለማስረጃም ወደ አቃቂ ወይም ወደ ኮምቦልቻ አልወስዳችሁም። የፋብሪካ ጭስ ወደማይታይበት ወደ ሰሜን ጎንደር፣ ከስሜን ተራሮች ግርጌ ወደሚገኙት ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ እወስዳችኋለሁ።

አስቀድሜ ግን ትምህርቱ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ ልናገር። የሜካኒካል መሐንዲስ ስለ ማሽኑ ያስባል፤ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ማሽኑን ስለሚያንቀሳቅሰው ኃይል ያስባል፤ የሕንጻ መሐንዲስ ማሽኑና ሠራተኛው ስለሚጠለሉበት ቤት ያስባል። የኢንዱስትሪ መሐንዲስ ግን የሚያስበው በእነዚህ ሁሉ መካከል ስለሚባክነው ነገር ነው። ዕቃው ከአንዱ እጅ ወደ ሁለተኛው እጅ እስኪተላለፍ ስንት ሰዓት ቆመ? ሠራተኛው አንድ መሣሪያ ለማንሣት በቀን ስንት ጊዜ ተነሥቶ ተቀመጠ? በመጋዘን የተከማቸው ዕቃ ምን ያህል ገንዘብ አስሮ ያዘ? ከተሠራው መካከል ስንቱ ተበላሽቶ ዳግመኛ ተሠራ? ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው። መልሱንም የሚፈልገው በግምት ሳይሆን በሰዓት፣ በሜትር፣ በሚዛንና በሒሳብ ነው። እንግዲህ ሰው፣ ዕቃ፣ ገንዘብና ጊዜ ተገናኝተው አንድ ሥራ የሚሠራበት ስፍራ ሁሉ፣ የጭስ ማውጫ ይኑረውም አይኑረው፣ ለዚህ ትምህርት እንደ ፋብሪካ ይቈጠራል።

ትምህርቱ የተወለደው በአሜሪካ ነው። ፍሬድሪክ ቴይለር የተባለው መሐንዲስ በብረት ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ፣ አንድ ሠራተኛ በአካፋ በአንድ ጊዜ ምን ያህል ክብደት ቢያነሣ ቀኑን ሙሉ ብዙ ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ደጋግሞ መዘነ። ያገኘውም ልክ 21 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 9 ኪሎ ተኩል ያህል ነበር። ከዚህ በኋላ ለከባዱ ማዕድን ትንሽ አካፋ፣ ለቀላሉ ከሰል ሰፊ አካፋ እንዲሰጥ አደረገ። ሐሳቡንም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1911 በመጽሐፍ አወጣ። ትምህርቱ በፔንሲልቬንያ ስቴት ራሱን የቻለ ክፍል የሆነው ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1909 ነው።

የቴይለር ስም ሲወደስ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። መጽሐፉ በወጣበት በዚያው በ1911 በዎተርታውን የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች፣ ሰዓት ይዞ በራሳቸው ላይ የሚቆመውን ሰው አንቀበልም ብለው ሥራ አቆሙ። ነገሩም እስከ አገሪቱ ምክር ቤት ደርሶ ምርመራ ተደረገበት። የቴይለር ልኬት ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የተለካው ሰው ግን ለምን እንደሚለካ ማንም አልጠየቀውም ነበር። በዚህ ትምህርት ላይ ሥራ አመራር የተጨመረበት ምክንያት እንደ እኔ አስተያየት ከዚህ ይጀምራል። ሥራ አመራር ሲባል ስለ ወንበር አይደለም፤ የሚለካው ነገር ሰው ያለበት በመሆኑ ነው።

አሁን ወደ ደባርቅ እንሂድ። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት፤ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤትም በዚያ ነው። ፓርኩ በሕግ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ሲሆን፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1978 ከዓለም ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ጋር ተመዘገበ፤ በ2017 ደግሞ ከዚያ መዝገብ ወጣ። ጎብኚ ወደ ተራራው የሚወጣው በደባርቅ ተመዝግቦ፣ ክፍያውን ፈጽሞ፣ ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ ተመድቦለት ነው። መንገድ መሪው፣ ወጥ ሠሪው፣ ባለበቅሎውና በቅሎ ነጂው በየማኅበራቸው የተደራጁ ስለሆኑ ሥራውን የሚያገኙት በተራ ነው። ሰላም ሆኖ ጎብኚ በበዛበት ዘመን፣ ከመስከረም ጀምሮ እስከ መጋቢት ድረስ፣ በማለዳ በጽሕፈት ቤቱ ደጅ የሚቆመው ሰው፣ በቅሎና ጭነት ብዙ ነው።

እንግዲህ የኢንዱስትሪ ምሕንድስና የተማረ አንድ ወጣት እዚያ ደጅ ቆሞ ይህን ሥራ አጥና ተባለ እንበል። የመጀመሪያ ሥራው አንዲትን በቅሎ መከተል ነው። በቅሎዪቱ ጭነት ተጭና ሳንቃበር ታድራለች፤ በማግስቱ ግጭ፣ በሦስተኛው ቀን ጨነቅ ትደርሳለች። ጎብኚው ከጨነቅ በመኪና ቢመለስ በቅሎዪቱ ያን ሁሉ መንገድ ባዶዋን ትመለሳለች። በዚያው ቀን ደግሞ ሌላ ጎብኚ ጨነቅ ላይ ዕቃውን አስቀምጦ፣ ከደባርቅ የሚመጣለትን በቅሎ ይጠብቅ ይሆናል። ወጣቱ ይህን በወረቀት ላይ ሲያሰፍረው መልሱ ወዲያው ይታየዋል፤ ጨነቅ የደረሰችው በቅሎ በዚያው ያለውን ጭነት ትጫን፤ ባዶ የሚሄድ እግር አይኑር፤ የበቅሎውም ብዛት ይቀነስ። በሒሳብ ረገድ ይህ እንከን የለውም። የጭነት መኪና፣ የባቡርና የአውሮፕላን ድርጅቶችም ሲያስሉት የሚውሉት ይህንኑ ነው።

በደባርቅ ግን ይህን ሐሳብ ይዞ ማኅበሩ ፊት የቀረበ ሰው በሰላም አይመለስም። ጨነቅ የደረሰችው በቅሎ ሁለተኛውን ጭነት ብትወስድ፣ ተራው ደርሶለት በደባርቅ ሲጠብቅ የሰነበተው ባለበቅሎ እንጀራውን አጣ ማለት ነው። ተራው የተሠራው በቅሎ በፍጥነት እንድትመላለስ አይደለም። የተሠራው ከፓርኩ የሚገኘው ጥቅም ለብዙ ቤተ ሰብ እንዲዳረስ ነው። ይህም ተራ ነገር አይደለም፤ ዋልያውና ጭላዳው እንዲጠበቁ የአካባቢው ገበሬ የግጦሽ መሬቱን ለቋል፤ የግጭ መንደር ነዋሪዎችም በ2008 ዓ.ም. መንደራቸውን ትተው በደባርቅ ሰፍረዋል። ይህን ያላወቀ መሐንዲስ የበቅሎውን ጉዞ ያሳጥራል፤ የፓርኩን ዕድሜም አብሮ ያሳጥራል።

እዚህ ላይ መሐንዲሱ እጁን አጣጥፎ «የአገሩ ልማድ ነው» ብሎ ይመለስ ማለቴ አይደለም። እንዲህ ያለውን ቸልተኝነት በየመሥሪያ ቤታችን በቂ አድርገን አይተነዋል። ሥራ አመራርን በደንብ የተማረ ሰው ሁለተኛ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ተራው የቆመለትን ፍትሕ ራሱን በትክክል ይፈጽመዋልን? ይላል። መዝገቡንም ገልጦ ሲቈጥር አንድ ነገር ይታየዋል። በማናቸውም ተራ፣ አንድ ጉዞ እንደ አንድ ተራ ከተቈጠረ፣ የሁለት ቀን ጉዞ የደረሰውና የስምንት ቀን ጉዞ የደረሰው ሁለቱም ተራቸውን እንደ ጨረሱ ተቈጥረው ወደ ጅራቱ ይመለሳሉ። አንዱ የስምንት ቀን ክፍያ፣ ሁለተኛው የሁለት ቀን ክፍያ ይዞ ይገባል። ዓመቱ ሲያልቅ ልዩነቱ ቀላል አይሆንም። ስለዚህ ተራው በጉዞ ብዛት ሳይሆን በተሠራው ቀን ብዛት ቢቈጠር፣ በትንሹ የሠራው ምንጊዜም ወደ ፊት ይቀርባል። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ጨነቅ ላይ ሁለተኛ ጭነት ያገኘችው በቅሎ የሠራችው ቀን በባለቤቷ ላይ ስለሚቈጠር፣ በደባርቅ የቆየው ሰው ተራውን አያጣም፤ ተራው ይቀርብለታል እንጂ። ሒሳቡና ፍትሑ በአንድ መዝገብ ተስማሙ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ማሽን አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ነው። ዕውቀቱ ግን የዓመታት ትምህርት ውጤት ነው፤ ከእርሱም ጋር ከባለበቅሎዎች ጋር ቁጭ ብሎ ሻይ የመጠጣት ትዕግሥት ይፈልጋል።

ወደ ጎንደር አቅጣጫ መለስ ስንል የወገራን ደጋ እናገኛለን። ዳባት ከጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ገብስና ስንዴ ከሚበቅልባቸው ሰፋፊ ደጋዎች መካከል ናት። በጎንደር ከተማ ስሙን ከስሜኑ ታላቅ ተራራ የወሰደው የዳሽን ቢራ ፋብሪካ አለ፤ የጎንደር ብቅል ፋብሪካም አለ። ለብዙ ዘመን በአገራችን ብቸኛ የብቅል ፋብሪካ የነበረው የአሰላው ስለ ነበር፣ ቢራ ጠማቂዎች የጎደላቸውን ብቅል ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሬ ያስመጡ ነበር። እንግዲህ የዳባት ገብስ በጎንደር ብቅል ቢሆን ገበሬውም አገሩም ይጠቀማል፤ ይህን ማንም ይናገረዋል። ከንግግሩ ወደ ሥራው ሲገባ ግን ፋብሪካው ገብስን ሁሉ አይቀበልም። ገብሱ በውኃ ይነከራል፤ ከዚያም ጥቂት ቀናት ይበቅላል፤ በመጨረሻም በሙቀት ይደርቃል፤ ይህ ሁሉ በጠቅላላው አንድ ሳምንት ያህል ይፈጃል። በአንድ ገንዳ የተነከረው ገብስ ሁሉ እኩል ካልበቀለ፣ አንዱ ከልክ ሲያልፍ ሌላው ጥሬ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ዘሩ አንድ ዓይነት፣ ፍሬው ተመጣጣኝ፣ እርጥበቱ ዝቅተኛ መሆን አለበት፤ ከመቶ ፍሬ ውስጥም 95 ያህሉ መብቀል ይገባዋል።

አሁን ዕቃው የሚሄድበትን መንገድ እንከተል። የሃምሳ ገበሬ ገብስ ከሃምሳ አውድማ ይመጣል፤ በገበያ ይገናኛል፤ በአንድ መጋዘን ይደባለቃል፤ በአንድ መኪና ተጭኖ ጎንደር ይገባል። በፋብሪካው በር ናሙና ተወስዶ አልበቀለም ቢባል፣ ጥፋቱ የሁለት ጆንያ ሆኖ ሳለ ጭነቱ ሁሉ ይመለሳል። የመኪናው ኪራይ፣ የጫኝና የአውራጁ ድካም፣ የገበሬው ተስፋ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። የጥራት ቁጥጥርን የተማረ ሰው እዚህ ላይ የሚናገረው አንድ ነገር አለ፤ ምርመራው ዕቃው ከመደባለቁ በፊት ይሁን ይላል። ለመሆኑ የማብቀል ምርመራ ምን ይጠይቃል? መቶ ፍሬ ቈጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀምጦ ለጥቂት ቀናት መጠበቅና የበቀለውን መቍጠር ነው። ይህን የወገራ ሴት ከመሐንዲሱ በፊት ታውቀዋለች፤ ለጠላ ብቅል ስታበቅል ያረጀ ገብስ እንደማይበቅልላት ታውቃለችና። ምርመራውን ከጎንደር በር አንሥቶ ወደ ዳባት ገበያ ማምጣት፣ የያንዳንዱን ገበሬ ጆንያ በቁጥር ለይቶ መያዝ፣ ጥሩውን በጥሩ ዋጋ መግዛት፤ ይህ በትምህርት ቤት መጻሕፍት ትልቅ ስም የተሰጠው ነገር በዳባት ሲሠራ እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ይመስላል።

ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደውን የሊማሊሞን መንገድ ያየ ሰው ሌላውን የዚህን ትምህርት ዋና ነገር ያለ መምህር ይረዳዋል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ገደሉን እየቈረጡ የሠሩት ያ ጠመዝማዛ፣ ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለው መንገድ የቱንም ያህል ቢሻሻል፣ ወደ ቆላው የሚወርደውን የመኪና ብዛት የሚወስነው እርሱ ነው። በጎንደር ጫኝ ብትጨምሩ፣ በወገራ ሜዳ ብትፈጥኑ፣ ከሊማሊሞ አፍ የሚያገኛችሁ ረጅም ሰልፍ ነው። በማናቸውም ሥራ ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ ጠባብ በር አለ። እርሱን ሳያሰፉ ሌላውን ማፋጠን ሰልፉን ከማስረዘም በቀር ጥቅም የለውም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ከሊማሊሞ በታች ካሉት ከአዲ አርቃይና ከአካባቢው ብዙ ሕዝብ አፈናቅሎ ወደ ደባርቅ ባመጣ ጊዜ፣ ለተራበ ሰው እህል ማደል ምን ያህል ብርቱ ሥራ እንደ ሆነ ያዩት ያውቁታል። በእንዲህ ያለ ጊዜ እህሉ መጋዘን ደርሶ ሳለ ስም የሚጣራበት ጠረጴዛ አንድ ብቻ ከሆነ፣ ጠባቡ በር ያ ጠረጴዛ ነው፤ አሥር መኪና እህል ቢጨመርም የእናቲቱ ልጅ እራቱን ቶሎ አያገኝም። ይህ ትምህርት የቅንጦት ነው ለሚሉኝ የምመልሰው ይህን ነው።

ከስሜን ግርጌ ወደ እናንተ ጠረጴዛ ልመለስ። ባለጉዳይ በየኮሪደሩ ሲንገላታ፣ እኛ ደግሞ «ሰው አነሰን» ስንል እንኖራለን። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1909 አግነር ኤርላንግ የተባለ የዴንማርክ ሊቅ የኮፐንሐገንን ስልክ ቤት ሰልፍ በሒሳብ አጠና። ከእርሱ በተነሣው ሒሳብ፣ ባለጉዳይ የሚመጣበትና ጉዳዩ የሚፈጸምበት ሰዓት እንዲሁ በአጋጣሚ የሚለዋወጥ ሲሆን፣ አንድ ጸሓፊ ከሚችለው ሥራ ግማሹን ያህል ቢመጣለት በፊቱ በአማካይ 1 ሰው ይገኛል። ከመቶ 80 ያህል ቢመጣለት 4 ሰው፣ ከመቶ 90 ቢመጣለት 9 ሰው፣ ከመቶ 95 ቢመጣለት 19 ሰው ይገኛል። ልብ በሉ፤ ሥራው ከ90 ወደ 95 ከፍ ያለው በጥቂቱ ነው፤ ሰልፉ ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። ሠራተኛው አንዲት ደቂቃ ሥራ እንዳይፈታ የሚፈልግ አለቃ፣ ሳያውቀው ባለጉዳዩ ቀኑን ሙሉ እንዲቆም ፈርዷል ማለት ነው።

በ1961 ደግሞ ጆን ሊትል የተባለ አሜሪካዊ ሌላ ቀላል ሕግ በማስረጃ አጸና። በመዝገብ ቤታችሁ 600 ያላለቀ ጉዳይ ቢኖርና በቀን 40 ጉዳይ እየገባ 40 ቢወጣ፣ አንዱ ጉዳይ በአማካይ 15 ቀን ይቆያል። ጸሓፊው ቢቈጣም ቢለመንም 15 ቀን ነው። ቀኑን ማሳጠር የሚቻለው ከተከመረው ላይ በመቀነስ ብቻ ነው። ይህን ለማወቅ ኮሚቴ ማቋቋም አያስፈልግም፤ በነገው ዕለት በየመሥሪያ ቤታችሁ ሁለቱን ቁጥሮች ቈጥሮ ማካፈል ይበቃል።

መንግሥትም ይህን ዕውቀት ለማስገባት ሞክሯል። በ2000 ዓ.ም. ከጃፓን መንግሥት ጋር ተነጋግሮ፣ ካይዘን የሚባለው የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ በ30 ድርጅቶች ተሞከረ። በ2004 ዓ.ም. የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ኋላም የልህቀት ማዕከል ተባለ። ከማጣራት የሚጀምሩት አምስቱ ማዎች በብዙ ፋብሪካ ግድግዳ ላይ ተለጠፉ። በአንዳንዱ ስፍራ ግን ማጽዳቱ ተፈጽሞ ሌላው በግድግዳው ላይ ቀረ፤ ካይዘን ማለት ወለል መጥረግ የሚመስለው ሠራተኛም አለ። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው መሶብ የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት፣ ባለጉዳይ ብዙ ደጅ የሚጠናበትን መንገድ ለማሳጠር የታሰበ ነው፤ ሐሳቡ ከዚህ ትምህርት ጋር ዝምድና አለው። መስኮቶቹን በአንድ አዳራሽ መሰብሰብ ብቻውን ግን ከኋላ ያለውን የፊርማ ብዛት አይቀንስም። ይህን የሚቀንሰው ፊርማውን አንድ በአንድ ተከትሎ «ይህኛው ምን ይጠብቃል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው።

እንግዲህ ትምህርቱ በአገራችን የት ይገኛል? በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከሜካኒካል ምሕንድስና ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ይሰጣል። በባሕር ዳርም እንዲሁ ነው፤ የባሕር ዳሩ ተቋም ሥሩ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተቋቋመው ፖሊቴክኒክ ሲሆን፣ በአጠገቡ ከኢጣሊያ የጦር ካሣ የተሠራ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስለ ነበረ ከመነሻው ትምህርትና ፋብሪካ ጎረቤታሞች ነበሩ። በደባርቅም በ2010 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል የጀመረ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የስሜን ልጅ ለከፍተኛ ትምህርት አገሩን መልቀቅ ግድ የሚሆንበት ዘመን በከፊል አልፏል። የምሕንድስናው ትምህርት 5 ዓመት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም የመውጫ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ተማሪው የሚማረው የስታቲስቲክስን፣ የኦፕሬሽን ምርምርን፣ የሥራ ጥናትን፣ የጥራት ቁጥጥርን፣ የንብረት ክምችትን፣ የፋብሪካ ቦታ አደላደልን፣ የምሕንድስና ኢኮኖሚን ነው። እንግዲህ ልጃችሁ ሒሳብ ስለሚከብደው «ወደ አመራር ያዘነበለውን ይውሰድ» የምትሉ ከሆነ ቀድማችሁ አስቡበት፤ ከሒሳብ የሚሸሽበት በር በዚህ በኩል የለም።

ስለ ሴቶች ልጆቻችንም አንድ ቃል መጨመር እወዳለሁ። ከቴይለር ዘመን ሰዎች መካከል ፍራንክና ሊሊያን ጊልብሬዝ የተባሉ ባልና ሚስት ነበሩ። ፍራንክ የግንበኛን እጅ ተመልክቶ ጡብ ለማኖር የሚደረገውን 18 እንቅስቃሴ ወደ 5 ገደማ አወረደው። በ1924 ሲሞት፣ የሥነ ልቡና ሊቅ የነበረችው ሚስቱ የ12 ልጆች እናት ሆና ሥራውን ቀጠለች፤ በ1935ም በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ፕሮፌሰር ሆነች። ፋብሪካዎች በሴትነቷ በራቸውን ሲዘጉባት ወደ ማድ ቤት ገብታ የምድጃውን፣ የጠረጴዛውንና የዕቃውን ቦታ በእርምጃ ቈጥራ አስተካከለች። በየቤታችን ከቡሖው ወደ ምጣዱ፣ ከምጣዱ ወደ መሶቡ የሚደረገውን ምልልስ አንድ ቀን ብትቈጥሩት፣ ለዚህ ጥናት ጎንደር ድረስ መሄድ እንደማያስፈልግ ትረዱታላችሁ። ይህን ቈጠራ ከወንድሟ ይልቅ እኅቲቱ በተሻለ ዓይን ትመለከተው ይሆናል፤ በእግሯ ስለምታውቀው።

ችግሩን ሳልናገር አላልፍም። ከዚህ ትምህርት የተመረቀ ወጣት ሥራ ሲፈልግ በሁለት ማስታወቂያዎች መካከል ይወድቃል። አንደኛው ማስታወቂያ «ሜካኒካል መሐንዲስ» ይላል፤ ሁለተኛው «በማኔጅመንት የተመረቀ» ይላል። ለመጀመሪያው ማሽን ፈትቶ አይገጥምም ይባላል፤ ለሁለተኛው ደግሞ መሐንዲስ ነው ይባላል። በቤቱም ጎረቤት «ምን ትጠግናለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። አምስት ዓመት የደከመ ልጅ ከሁለቱም በር ተመልሶ በቤተ ሰቡ እጅ ሲቀመጥ ማየት የሚያሳዝን ነገር ነው። ይህ በከፊል የወጣቱ የራሱ ሥራ ነው፤ የፋብሪካውን ወለል ሳያውቅ የአለቃነት ወንበር የሚመኝ ካለ በሩ ቢዘጋበት አይደንቅም። ከምረቃ በኋላ ቢያንስ ጥቂት ዓመት በመጋዘን፣ በጥራት መመርመሪያና በሥራ ፈረቃ ውስጥ ሳያልፉ ወዲያው ለሁለተኛ ዲግሪ በአስተዳደር መመዝገብ፣ እንደ እኔ ግምት፣ ጉዳቱ ከጥቅሙ ያመዝናል። በከፊል ግን ጥፋቱ የማስታወቂያው ነው፤ ማስታወቂያውን የምታዘጋጁት ደግሞ ብዙዎቻችሁ ናችሁ። ለንብረት ክፍል፣ ለዕቅድ ክፍል፣ ለሆስፒታል መድኃኒት መጋዘን፣ ለእህል ግዥ ድርጅት፣ ለከተማ ትራንስፖርት ሰው በምትፈልጉበት ጊዜ የኢንዱስትሪ መሐንዲስ ከሚለው ስም ጋር መተዋወቅ ጊዜው አሁን ነው።

ከዚያም በፊት ሌላ ቀላል ነገር አለ። ተማሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በአራተኛው ዓመት ለአንድ መንፈቅ ያህል ወደ ሥራ ቦታ ለልምምድ ይላካሉ። ፋብሪካ ይፈልጋሉ፤ ፋብሪካው ጥቂት ስለ ሆነ አንዳንዱ በአንድ ድርጅት ደጅ ተቀምጦ የምስክር ወረቀቱን ብቻ ይዞ ይመለሳል። በዳባት ግን የእህል መጋዘን አለ፤ በደባርቅ የፓርክ ጽሕፈት ቤት፣ የመኪና መናኸሪያና ሆስፒታል አለ፤ በየወረዳውም መዝገብ ቤት አለ። ተማሪው የሚጠይቀው አንድ ጠረጴዛ፣ መዝገቦቹን የማየት ፈቃድ፣ ከመጋዘን ሹሙ ወይም ከተራ አስከባሪው ጋር የሚያገናኘው አንድ ደብዳቤ ነው። የልምምድ ጥያቄው ከዩኒቨርሲቲው ወደየመሥሪያ ቤቱ ሲመጣ፣ ባዶ ጠረጴዛ ያለው ክፍል ከወዲሁ ስሙን ቢያስመዘግብ ተማሪው መንፈቁ ከመግባቱ በፊት የሚሄድበትን ያውቃል።